ጥያቄውን መድረክ ላይ አውጡት፦ ፖለቲካን በሥነ ጥበብ መመርመር ለሚፈልጉ የአሠራር መመሪያ

ፖለቲካ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ምርጫ፣ ወደ ፓርቲ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወደሚጨቃጨቁ ሰዎች ይሄዳል። እዚህ ግን ሰፋ አድርገን እንየው። ማን ይወስናል? ውሳኔው የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ሳይጠየቅ የሚታለፈውስ? ይሄ ቤት ውስጥም፣ ክፍል ውስጥም፣ መሥሪያ ቤት ወረፋ ላይም ያለ ነገር ነው። ስለዚህ መመሪያው ለቴአትር ሰዎች ብቻ አይደለም። መምህር፣ ሠዓሊ፣ የወጣት ቡድን አስተባባሪ፣ ስልኩ ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። መልሱን ይዞ የተነሣ ሰው የሚሠራው ቅስቀሳ ነው። ቅስቀሳ የራሱ ቦታ አለው፣ አልንቀውም። ግን ተመልካቹ ወይ ያጨበጭባል ወይ ያኮርፋል፣ በቃ። እኛ የምንፈልገው ሰዎች ሥራውን ሲያዩ ወይም አብረው ሲሠሩ «ቆይ፣ ይሄ ነገር ለምን እንደዚህ ሆነ?» ብለው እንዲነሡ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ ጥያቄውን ፈልጉ

«ሙስና»፣ «ዴሞክራሲ»፣ «እኩልነት» ጥያቄ አይደሉም። ርዕስ ናቸው። በርዕስ የተጀመረ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ስብከት ሆኖ ያልቃል። ሙስና መጥፎ ነው የማይል ሰው የት አለ? ጉቦ የሚበላውም ይላል። ስለዚህ ወረድ በሉ። «ጉዳዩ በአንድ ቀን የሚያልቅለትና ወር ሙሉ የሚመላለሰው ሰው ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ይሄ ጥያቄ ነው። ሰው አለበት፣ ቦታ አለበት፣ በዓይን የሚታይ ነገር አለበት።

ጥያቄው ከእናንተ ጭንቅላት ባይመነጭ ይመረጣል። እዚህ ላይ ከብራዚላዊው የትምህርት ሰው ከፓውሎ ፍሬሬ የምንማረው አለ። በ1963 አንጊኮስ በምትባል የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከተማ 300 ለሚጠጉ ሰዎች ማንበብና መጻፍ በእሱ ዘዴ ተሰጠ። ዘዴው ፊደል ከማስቆጠር አይጀምርም። መጀመሪያ ሰዎቹ በየቀኑ አፋቸው ላይ ያሉ ቃላት ይሰበሰባሉ። ለምሳሌ ጡብ። የግንባታ ሥዕል ይታያል፣ ስለ ጡብ ይወራል፣ ከዚያ ነው ቃሉ ወደ ፊደል የሚበተነው። ስለ ጡብ ማውራት የጀመረ ግንበኛ ደግሞ እሱ የሚሠራው ቤት ውስጥ ማን እንደሚኖር ማንሣቱ አይቀርም። በዚያ ዘመን ብራዚል ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው መምረጥም አይችልም ነበር። በዓመቱ ወታደሮች ሥልጣን ያዙ፣ ፍሬሬም ታሠረ፣ ቀጥሎም ተሰደደ። ነገሩ ፊደል ማስቆጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይነካው ነበር?

እንግዲህ እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ማስታወሻ ደብተር ያዙና አብራችሁ ከምትሠሩት ሰዎች ጋር ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ቃለ መጠይቅ አታድርጉ። አዳምጡ። ዓረፍተ ነገሮችን እንደተነገሩ ጻፉ፣ አታሳምሯቸው። «ነገ ተመለሺ»፣ «ከላይ የመጣ ነው»፣ «አንተን ማን ጠየቀህ»። የማይተዋወቁ ሰዎች ደጋግመው ያሏትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ሥራችሁ ተጀምሯል።

ጥያቄውን ደግሞ ፈትኑት። በሐሳብ ለማይስማሙ ሁለት ሰዎች ንገሯቸው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ ገና አልበሰለም። እናንተ ራሳችሁ መልሱን እርግጠኛ ከሆናችሁም እንደዚያው።

ቀጥሎ፦ አደጋው በማን ላይ ነው?

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል ባይ ነኝ።

አውጉስቶ ቦአል የተባለው ብራዚላዊ የቴአትር አዘጋጅ ስለ ራሱ የሚተርከው ታሪክ አለ። በወጣትነቱ ከቡድኑ ጋር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ገጠር ሄዶ ለገበሬዎች ቴአትር ያሳያል። የቴአትሩ መጨረሻ ላይ ተዋናዮቹ ጠመንጃቸውን ከፍ አድርገው ለመሬታችን ደማችንን እናፍስ እያሉ ይዘምራሉ። አንድ ገበሬ በጣም ተነክቶ ይመጣና፣ ሐሳባችን አንድ ነው፣ ምሳ እንብላና ጠመንጃችሁን ይዛችሁ አብረን የመሬት ነጣቂውን ሰዎች እንግጠም ይላቸዋል። ቡድኑ ይደነግጣል። ጠመንጃዎቹ የቴአትር ዕቃ ናቸው፣ አይተኩሱም ይሉታል። ችግር የለም፣ እኛ ጋ ለሁላችሁም የሚበቃ አለ ይላል። ኧረ እኛ እኮ አርቲስቶች ነን ሲሉት፣ ገበሬው ገባው። ለካ እናፍሰው ያላችሁት ደም የእኛን ነው አላቸው። ቦአል ከዚያ በኋላ ራሱ የማይከፍለውን ዋጋ ሌላው እንዲከፍል የሚመክር ቴአትር መሥራት አልፈለገም።

እንግዲህ ሥራችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ይህንን ገበሬ አስቡት። የምትሠሩት ነገር ሰዎችን ወደ ምን ይጋብዛል? ስትሄዱ እነሱ እዚያው ይቀራሉ። አለቃቸው፣ ጎረቤታቸው፣ የሰፈሩ ሹም ሥራውን አይቶ ምን ይላል?

ነገሩ ማጋነን አይደለም። በ1977 ኬንያ ውስጥ ካሚሪቱ በምትባል መንደር ነዋሪዎቹ ከደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ጋር ሆነው በራሳቸው ቋንቋ በጊኩዩ ቴአትር ሠሩ። ልምምዱ ሜዳ ላይ፣ ማንም እያየው ነበር። አላፊ አግዳሚው ይቆምና «እንዲህ አይባልም» እያለ ያርም ነበር። መንግሥት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈቃዱን ነጠቀ። ደራሲው በዓመቱ መጨረሻ ላይ ያለ ክስ ታሠረ፣ አንድ ዓመት ያህልም ቆየ። በ1982 ደግሞ መንደርተኛው በእጁ የሠራው ቴአትር ቤት ፈረሰ። ቴአትሩን ያን ያህል አስፈሪ ያደረገው ቃሉ ብቻ አይመስለኝም። ሰዎቹ ራሳቸው አርመውት የራሳቸው ማድረጋቸው ነው።

ስለዚህ ከተሳታፊዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። ስማችን ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? ፊታችን ይታይ? ቪዲዮ ይቀረጽ? ማን እንዲያየው እንፈልጋለን፣ ማንስ እንዳያየው? መሐል ላይ ልውጣ የሚል ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ መውጣት ይችላል? መልሱን የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም፣ እነሱ ናቸው። ደግሞ አንድ ሰው ዛሬ እሺ ብሎ ነገ ሐሳቡን ቢቀይር መብቱ ነው፤ ሥራው ከመታየቱ በፊት እንደገና ጠይቁ።

አንዳንዴ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ራሱ መፍትሔ ነው። ቺሌ ውስጥ ከ1973 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው የተሰወሩባቸው ሴቶች ተሰብስበው ይሰፉ ነበር። በጆንያ ጨርቅ ላይ ብጥስጣሽ ጨርቅ እየለጠፉ ሰፈራቸውን፣ እሥሩን፣ የጠፋውን ሰው ጥያቄ ይሥሉ ነበር። አርፒዬራ ይባላል። አንዳንዶቹ የጠፋውን ሰው ልብስ ራሱን ቆርጠው ይጠቀሙ ነበር። በቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ውጭ አገር ይወጣና ይሸጥ ነበር፣ ለሴቶቹም ገቢ ሆነ። ከሩቅ ለሚያየው ያማረ የቤት ጌጥ ነው። ጠጋ ብሎ ያየ ግን ጨርቁ ላይ ከተሠራው ተራራ ሥር ምን እንደሚደረግ ያያል። ሴት ስትሰፋ ያየ ወታደር መጀመሪያ ላይ ምን ይጠረጥራል?

መንገድ ምረጡ

ይሄ ብዙ አያስጨንቃችሁ። ያላችሁን ሰው፣ ጊዜና ቦታ ተመልከቱ። ሰዎቹ መናገር የሚወዱ ከሆነና ጥያቄው «ምን ማድረግ ይቻል ነበር?» የሚል ከሆነ ፎረም ቴአትር (ተመልካቹ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ መፍትሔ የሚሞክርበት ቴአትር) ይሻላል። መናገር የሚፈሩ ወይም የሚያፍሩ ከሆነ ፎቶ ወይም ስፌት። መልእክቱ አጭርና መንገድ ላይ የሚታይ ከሆነ ፖስተር። አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ብቻ ካላችሁ ጋዜጣ በቂ ነው። አንድን ክስተት የዘገቡ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ውሰዱ፤ ሁለት ተማሪዎች አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተፈራረቁ ጮክ ብለው ያንብቡ። አንዱ የጻፈው ሌላው የዘለለው ነገር ወዲያው ጆሮ ላይ ይወድቃል። ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ያለው ረዘም ያለ ክፍል ስለ ፎረም ቴአትር ነው። ብዙ የሚበላሸውም፣ ብዙ የሚገኝበትም እሱ ስለሆነ።

ፎረም ቴአትር ደረጃ በደረጃ

ሰውነትን አሟሙቁ። ሰው ተቀምጦ በቀጥታ ወደ ፖለቲካ ከገባ ከዜና የሰማውን ይደግማል። ስለዚህ ወንበሩ ይነሣ። ጥንድ ጥንድ ይሁኑና አንዱ መዳፉን ከሌላው ፊት በአንድ ስንዝር ርቀት ይያዝ። መዳፉ ወደሄደበት ፊት ይከተላል፣ ዝቅ ካለ ሰውየውም ዝቅ ይላል። ጥቂት ደቂቃ አሠሯቸውና ይቀያየሩ። ከዚያ ጠይቁ፦ መምራት ነው መመራት የቀለላችሁ? የሚገርም ነገር ይሰማል። መመራት አረፈኝ የሚል አለ። ሲመራ ጨካኝ መሆኑን ራሱ ላይ ያየ አለ። ስለ ሥልጣን ማውራት ተጀመረ ማለት ነው፣ ያውም አንድም ትልቅ ቃል ሳይነገር።

ምስል አሠሩ። በአራት በአምስት ሰው ቡድን ክፈሏቸው። እያንዳንዱ ቡድን ጥያቄውን ያለ ንግግር፣ በቆመ ሰውነት ብቻ ያሳይ። ማን ቆሟል፣ ማን ተቀምጧል፣ ማን ወዴት ያያል። ይሄ አሁን ያለው ምስል ነው። ቀጥሎ ቢሆን የሚፈልጉትን ምስል ይሥሩ። ሦስተኛው ከባዱ ነው፦ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው በምን በኩል ይኬዳል? ቀስ ብለው፣ አንድ አንድ እንቅስቃሴ እያደረጉ ይሂዱ። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ሁሉም ሥልጣን ያለው ሰው እስኪንቀሳቀስ ቆሞ ይጠብቃል። ያንን ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ጠይቁበት።

ትዕይንቱን ሥሩ። ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። አራት ነገር ይኑረው። አንድ ነገር በግልጽ የሚፈልግ ሰው፣ የሚከለክለው ሰው፣ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው፣ እና መጥፎ መጨረሻ። መጨረሻው መጥፎ ካልሆነ ተመልካች ምን ሊሠራ ይነሣል?

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ለልጇ የትምህርት ቤት ምዝገባ የሚሆን ወረቀት ፈልጋ ቢሮ መጥታለች። ምዝገባው ነገ ይዘጋል። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ አንድ ማህተም ይጎድላል፣ ነገ ተመለሺ ይላል። ማህተሙ የሚገኘው ሌላ ቢሮ ነው፣ እሱ ደግሞ ዛሬ ተዘግቷል። መሐል ላይ አንድ ሰው ወረፋ ሳይዝ ገብቶ ሠራተኛውን በስሙ ይጠራውና ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል። ወረፋው ላይ ያሉት አይተው ዝም ይላሉ። አንዷ ሰዓቷን ታያለች። እናትየው ወረቀቷን አጣጥፋ ትወጣለች። አለቀ።

የሚከለክለውን ሰው ጭራቅ አታድርጉት። ይሄ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። የሚጮህ፣ ጠረጴዛ የሚመታ ሠራተኛ ካሳያችሁ ተመልካቹ የሚጠላው ሰው አገኘና ማሰብ አቆመ። ሠራተኛው ይድከመው። ምሳ ሳይበላ ይዋል። ያለ ማህተም ከፈረመ እሱ ራሱ እንደሚጠየቅ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገር። ያኔ ነው ጥያቄው ከሰውየው ጠባይ ወጥቶ ወደ ደንቡ የሚሄደው። ደንቡን ማን አወጣው? ማህተሙ ለምን ሌላ ቢሮ ሆነ? በስም የሚጠራው ሰውዬስ ማን ነው?

አሳዩ፣ ከዚያ ድገሙ። አንዴ እስከ መጨረሻ ይታይ። ከዚያ አወያዩ ይነሣና እንደገና ከመጀመሪያ እንደሚጀምር ይናገር። በዚህኛው ዙር ከተመልካች ማንም ሰው «ቁም!» ብሎ ማስቆም ይችላል። ያስቆመው ሰው ወደ መድረክ ወጥቶ እናትየውን ተክቶ ይጫወታል፣ እኔ ብሆን የሚለውን በተግባር ያሳያል። ሌሎቹ ተዋናዮች ግን አይለቁለትም፣ በገጸ ባሕርያቸው ሆነው ይቋቋሙታል። እውነተኛው ሕይወት ይለቃል እንዴ?

ቦአል ወደዚህ አሠራር የመጣው በ1973 ፔሩ ውስጥ ነው። በፍሬሬ ሐሳብ ላይ በተመሠረተ የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ያኔ ተመልካቹ ሐሳብ ይሰጣል፣ ተዋናዩ ይጫወተዋል። አንድ ቀን ባሏ ያታለላት ሴት ታሪክ ሲታይ ከተመልካች አንዲት ሴት ሐሳብ ሰጠች፦ በግልጽ ታናግረው። ተዋናይዋ ደጋግማ አናገረችው፣ ሴትየዋ ግን በጭራሽ አልረካችም። እኔ ያልኩት እንዲህ አይደለም። በመጨረሻ ቦአል እስቲ አንቺው ነይና አሳይን አላት። ሴትየዋ ወጣች፣ መጥረጊያውን አነሣች፣ ባል ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ ክፉኛ ደበደበችው። ለካ ግልጽ ንግግር ያለችው ይሄን ኖሯል። ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር አንድ ነው፦ ሰው በአፉ ሲመክር እና ቆሞ ሲያደርገው ሌላ ሰው ነው።

ወደ ቢሯችን እንመለስ። ልምድ ላለው ሰው መጀመሪያ የሚነሣው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፣ የሚጮኸው። እናትየውን ተክቶ ሠራተኛውን ያፋጥጠዋል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሠራተኛው ግን መስኮቱን ይዘጋል። አወያዩ ይጠይቅ፦ ምን ተገኘ? ወረቀቱስ? ሁለተኛው ምናልባት ገንዘብ በወረቀቱ ውስጥ አጣጥፎ ይሰጣል። ክፍሉ ይስቃል። ወረቀቱ ግን ተገኘ! እዚህ ጋ አትገሥጹ። «ይሄ መፍትሔ ለማን ይሠራል? ገንዘብ የሌላት እናትስ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ሦስተኛዋ ምናልባት ሠራተኛውን ትታ ፊቷን ወደ ወረፋው ታዞራለች። ስንቶቻችሁ ናችሁ ለዚሁ ማህተም የተመለሳችሁ? ብላ ትጠይቃለች። ሰዓቷን ስታይ የነበረችው ሴት እጇን ታወጣለች። አሁን ትዕይንቱ ስለ አንዲት እናት መሆኑ ቀረ።

ሦስተኛዋ ትክክል ነች ብላችሁ ግን አትዝጉት። እውነት ለመናገር፣ ወረፋው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሌም እጃቸውን አያወጡም። ዳር ቆመው የነበሩት ተዋናዮች ለምን ዝም እንዳሉ ከገጸ ባሕርያቸው ሆነው ይናገሩ። «እኔ ነገም እሱ ጋ ጉዳይ አለኝ» ብትል አንዷ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ብቻውን የአንድ ሰዓት ውይይት ነው።

አወያዩ

ቦአል አወያዩን ጆከር ይለዋል፣ እንደ ካርታው። የማንም ወገን አይደለም ለማለት ነው። ሥራው መጠየቅ ነው። ጎበዝ፣ ትክክል፣ ተሳስተሃል አይልም። ሦስት ጥያቄዎች ይበቁታል፦ ይሄ በእውነቱ ዓለም ይሆናል? ማን ላይ ምን ያመጣል? ሌላ መንገድ ያለው አለ?

የሚያጋጥሙ ነገሮች አሉ። አንዱ ሰው ይነሣና ሠራተኛውን ተክቶ ደግ አድርጎ ይጫወተዋል። አይቻልም በሉት በትሕትና፣ ክፉውን ደግ ማድረግ ምኞት እንጂ መንገድ አይደለም። ሌላው ሀብታም አጎት ድንገት ደረሰልኝ ይላል። እሱም ምትሐት ነው፣ ክፍሉ ራሱ «ምትሐት!» ብሎ እንዲጮህ አስቀድማችሁ አስተምሩት፣ ጨዋታ ይሆናል። ማንም ካልተነሣ ደግሞ አትለምኑ፣ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ለሦስት ደቂቃ ተነጋገሩ በሉ። ጥንድ ሆኖ ያወራ ሰው ይደፍራል። አንድ ሰው መድረኩን ከተቆጣጠረ፣ እስካሁን ያልተናገረ ሰው እንስማ ማለት በቂ ነው።

በተረፈ የሰው እውነተኛ ቁስል የነካችሁ ከመሰላችሁ አቁሙ። ማልቀስ የጥሩ ቴአትር ምልክት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ባለታሪኩ የራሱን ታሪክ ራሱ እንዳይጫወት አድርጉ፤ ሌላ ሰው ይጫወትለት፣ እሱ ያርም።

ካሜራ ከመረጣችሁ

በ1990ዎቹ ቻይና ዩናን ክፍለ ሀገር ውስጥ ካሮላይን ዋንግ እና ሜሪ አን በሪስ የተባሉ ባለሙያዎች ለ62 የገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጡ። ሕይወታችሁን ራሳችሁ አንሡ አሏቸው። ፎቶዎቹ ለባለሥልጣናትም ቀረቡ። አሠራሩ ፎቶቮይስ በሚል ስም ታወቀ። ዛሬ ስልክ ስላለ ዕቃው አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሥነ ምግባሩ ነው። ሰው ሳያስፈቅዱ አያንሡ፣ ልጅ ከሆነ ወላጅ ይጠየቅ። ፊት ሳይታይ የሚነሣ ብዙ ነገር አለ፦ የተዘጋ በር፣ የወረፋ ጫማ፣ የደረቀ ቧንቧ።

ጥቂት ቀን ስጧቸውና እያንዳንዱ ሰው ካነሣው ውስጥ ሁለት ብቻ መርጦ ይምጣ። መምረጡ ራሱ ማሰብ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፎቶ በተራ ጠይቁ። ምን ይታያል? በእውነት እየሆነ ያለው ምንድን ነው? ከእኛ ሕይወት ጋር በምን ይገናኛል? ይሄ ነገር ለምን አለ? ምን ማድረግ እንችላለን? ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ሰዎች ወደ አምስተኛው ለመዝለል ይቸኩላሉ። አራተኛው ላይ ያዟቸው። ፖለቲካው ያለው «ለምን አለ?» የሚለው ላይ ነው።

ፖስተር ከሆነ

በግንቦት 1968 ፓሪስ ውስጥ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸውን ይዘው አቴሊዬ ፖፒዩሌር ብለው ሰየሙት። ቀለምን በተወጠረ ጨርቅ አሳልፎ በሚያትም ቀላል ዘዴ ሌት ተቀን ፖስተር ያትሙ ነበር። ሥራዎቹ ላይ የሠዓሊ ፊርማ አልነበረም። ንድፉ በጋራ ስብሰባ ይቀርብና ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ የፖለቲካ ሐሳቡ ትክክል ነው? ፖስተሩ ሐሳቡን በደንብ ያስተላልፋል?

ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይታችሁ ጠይቁ፣ በአንድ ላይ ከጠየቃችሁ ያማረ ሥዕል ደካማ ሐሳብን ይሸፍነዋል። እኔ አንድ ሦስተኛ እጨምራለሁ። ፖስተሩን ከስብሰባው ውጭ ላለ ሰው ለሁለት ሰከንድ አሳይታችሁ ሰውሩት። ምን አየህ? ያልተጠበቀ መልስ ከሰጠ ፊደሉን ቀንሱ። አብዛኛው የጀማሪ ፖስተር የሚሞተው በቃላት ብዛት ነው።

መምህር ከሆናችሁ

የመምህር ነገር ይለያል፣ ውጤት ይሰጣል። ተማሪው መምህሩ ምን መስማት እንደሚፈልግ ለመገመት ይጥራል። ይሄ አንዱን ክፍል በሙሉ ሊያበላሸው ይችላል።

ጀርመኖች በ1976 ቦይተልስባክ በምትባል ቦታ ተሰብስበው ለፖለቲካ ትምህርት ሦስት መርሖዎች አስቀምጠዋል፣ ዛሬም ይጠቀሙባቸዋል። በተማሪው ላይ የራሳችሁን አቋም አትጫኑ፣ ራሱ እንዳይፈርድ አታድርጉት። በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚያከራክር ነገር ክፍል ውስጥም አከራካሪ ሆኖ ይቅረብ። ተማሪው የራሱ ጥቅም የቱ ጋ እንዳለ አይቶ ተጽዕኖ ማድረግ የሚችልበትን መንገድ ይማር። በጣም ተግባራዊ ናቸው። ለምሳሌ ካርቱን አሠራችሁ እንበል። ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ወገን ላይ የሚስቅ ካርቱን ካመጡ፣ ቀጣዩ የቤት ሥራ የተሳቀበት ወገን መልስ የሚሰጥበትን ካርቱን መሥራት ይሁን፣ ያውም በቅን ልቦና፣ ያ ወገን ሲያየው «አዎ፣ የምለው ይሄን ነው» እንዲል ሆኖ። ይሄኛው ነው የሚከብዳቸው።

ውጤት ስትሰጡ አቋሙን ሳይሆን ሥራውን መዝኑ። ማስረጃ ፈልጓል? ሌላውን ወገን አይቷል? ቅርጹ ከሐሳቡ ጋር ይሄዳል? መስፈርቱን ከመጀመሩ በፊት ንገሯቸው። የራሳችሁን አቋም ሲጠይቋችሁ መንገር ነውር አይደለም፣ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ከሌሎቹ እንደ አንዱ።

ከጭብጨባው በኋላ

ሰው ካጨበጨበ በኋላ ወንበር ሰብስቦ መሄድ ይወዳል። ቢያንስ የትዕይንቱን ያህል ጊዜ ለውይይት ተዉ፤ ለካ ሰው እውነተኛውን ነገር የሚናገረው ሲወጣ በር ላይ ነው፣ እዚያም ጆሮ ይኑራችሁ። አንድ ሰው ሁለት ነገር ይመዝግብ፦ መድረክ ላይ የተሞከሩትን መንገዶች፣ እና መፍትሔ ያልተገኘላቸውን። ሁለተኛው ዝርዝር ይበልጥ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በአንድ ሰው ድፍረት የማይፈታው፣ ደንብ መቀየር የሚፈልገው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ቦአል ይህችን ነገር እስከ ሕግ ድረስ ወስዷታል። በ1992 የሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፣ ከ1993 እስከ 1996 ሠራ። የቴአትር ቡድኖቹ በየሰፈሩ ፎረም ያሳያሉ፣ ሰው የሚያነሣውን ሐሳብ ይመዘግባሉ፣ ጠበቆች ወደ ሕግ ረቂቅ ይቀይሩታል። ከዚህ መንገድ 13 ሕጎች ጸደቁ። አንዱ በከተማዋ ሆስፒታሎች ለአረጋውያን ልዩ ሕክምና እንዲኖር የሚያደርግ ነበር። ሕግ አውጪ ቴአትር ይባላል።

እናንተ የምክር ቤት አባል ላትሆኑ ትችላላችሁ። ቢሆንም የማህተሙን ደንብ መቀየር የሚችለው ሰው ስም ያለውና ቢሮ ያለው ሰው ነው። በሚቀጥለው ትዕይንት ላይ ጋብዙት፣ ንግግር እንዲያደርግ ሳይሆን እንዲያይ። የመጀመሪያው ወንበር ላይ አታስቀምጡት፣ ሰው ያፍራል። ከመጣ፣ ያልተፈቱትን ነገሮች የያዘውን ዝርዝር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት፣ መልስ የሚሰጥበትንም ቀን ጠይቁት። ካልመጣ ዝርዝሩን ወስዳችሁ አስፈርማችሁ አስገቡ፣ ቅጂውንም ያዙ። ከዚያ ተሳታፊዎቹን የምታገኙበትን ቀን ቁረጡና መልሱን፣ መልስ ከሌለም አለመኖሩን፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው። ፎቶዎቹን፣ ጨርቆቹን፣ ፖስተሮቹን በዚያው ቀን ለየባለቤቶቻቸው መልሱ።